ለፎጣ የልብ ምት የቆጠረ ሰዓት

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት ደስ ብሎኝ ነቃሁ። ሰውነቴ ቀሎኛል፣ ዓይኔን አይቆረቁረኝም፣ እንዲያውም ማንቂያው ሳይጮህ ነው የተነሳሁት። ከዚያ እንደ ልማዴ እጄን አነሳሁና ሰዓቴን አየሁ። የእንቅልፍ ነጥብ 54። ከሥሩ በቀይ «በቂ እረፍት አላገኙም» ይላል። ታምኑኛላችሁ? እዚያው አልጋዬ ላይ እንዳለሁ ድካም ተጫነኝ። ቀኑን ሙሉ ሳዛጋ ዋልኩ። ሥራ ቦታ ሰው ሲያናግረኝ «ዛሬ እንቅልፍ አልጠገብኩም» እላለሁ። ማን ነገረህ ብባል መልሴ «ሰዓቴ» ነው።

ስማርት ሰዓት ማሰር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይኼኛው ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው ርካሽ ነበር፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። እና የምለው ነገር ቀላል ነው። ሰዓቱ መላላኪያ ሲሆን እወደዋለሁ። ማን እንደደወለ ይነግረኛል፣ ታይመር ይይዝልኛል፣ በቃ። ስለ ውስጤ ፈራጅ ሆኖ ሲቀመጥ ግን አልተስማማንም። የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሰው አፉን ሞልቶ ይናገራል፤ እኛ ደግሞ ቁጥር ስለሆነ ብቻ እናምነዋለን።

እንቅልፉን እንየው። እንቅልፍ በደንብ የሚለካው ላብራቶሪ ውስጥ፣ ጭንቅላት ላይ ሽቦ ተለጥፎ የአንጎል ሞገድ እየተነበበ ነው። ሰዓቱ የታሰረው እጅ ላይ ነው። አንጎል አያይም። የሚያየው እጃችሁ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱንና የልብ ምታችሁን ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ይገምታል። መቼ እንደተኛችሁና መቼ እንደተነሳችሁ በግምት ማወቁ ላይ ይሻላል፣ እሱንም ቢሆን ይሳሳታል። «ጥልቅ እንቅልፍ 47 ደቂቃ፣ የህልም እንቅልፍ 72 ደቂቃ» ማለት ሲጀምር ግን ግምቱን ደረሰኝ ቆርጦ እንደሚሰጥ ሰው ነው የሚሆነው። እኔ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ፣ ሳልነቃነቅ፣ ሳነብ ያመሸሁበትን አንድ ሰዓት «ቀላል እንቅልፍ» ብሎ መዝግቦልኛል። መጽሐፉ ያን ያህል አሰልቺ አልነበረም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው) የአሜሪካ የእንቅልፍ ተመራማሪዎች ለዚህ አባዜ ስም አወጡለት፤ ኦርቶሶምኒያ አሉት። ፍጹም የሆነ የእንቅልፍ ቁጥር ሲያሳድዱ እንቅልፋቸውን ያጡ ሰዎች ወደ እነሱ መምጣት ጀምረው ነበር። በላብራቶሪ ተመርምሮ ደህና እንደተኛ የተነገረው ሰው ሳይቀር ከምርመራው ይልቅ እጁ ላይ ያሰረውን ያምናል። ሳነበው ሳቅኩ። ከዚያ 54ቷ ትዝ አለችኝና ሳቄን ዋጥኩ።

እርምጃው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እኩለ ሌሊት ሊሆን 20 ደቂቃ ሲቀረው መኝታ ቤት ውስጥ በካልሲ ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ የተያዝኩበት ቀን አለ። ባለቤቴ አንድ ዓይኗን ገልጣ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። 9,640 ደርሻለሁ፣ የቀረኝ 360 ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህን ከእንቅልፉ ለነቃ ሰው አስረዱ እስቲ። «አብደሃል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልፈረድኩባትም። ግን ጨርሼ ነው የተኛሁት፤ ስክሪኑ ላይ ርችት ተተኮሰልኝ።

ይህ 10 ሺህ የሚባለው ቁጥር ከሐኪም የመጣ ይመስላችኋል አይደል? እኔም ይመስለኝ ነበር። የመጣው በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ ወገብ ላይ ከሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ነው። ስሙ ማንፖ-ኬይ፣ ትርጉሙ «የ10 ሺህ እርምጃ መቁጠሪያ» ነው። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ካለፈ ገና ዓመቱ ነበር፣ ቁጥሩም ድፍን ነው፣ ለአፍ ይመቻል። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። በቀን ወደ 4,400 እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ይልቅ በጥናቱ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው 41 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጥቅሙ 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን ያቆማል። እነሱ አዛውንቶች ናቸው፣ ለእኔ ዕድሜ እንዳለ አይገለበጥም። ቢሆንም 9,640 ላይ ብተኛ ምንም እንደማልሆን ለማወቅ ሊቅ መሆን አይጠይቅም።

ለመሆኑ የሚቆጥረው ምኑን ነው? የእጅን መወዛወዝ። የሕፃን ጋሪ እየገፋሁ አንድ ሰፈር ሙሉ ዞሬ ስመለስ ግማሹን እንኳ አይሰጠኝም፣ እጄ ጋሪው ላይ ስለሆነ። ቆሜ ሳጨበጭብ ግን ይመርቅልኛል። እና ይህን እያወቅኩ እንኳ ሰዓቱ ቻርጅ ላይ እያለ የሄድኩትን መንገድ «ባከነ» እላለሁ። እግሬ ሄዷል፣ ላቤ ወርዷል፣ ሰዓቱ ስላላየው ግን ያልሄድኩ ነው የሚመስለኝ። አንድ ቀን ጫማዬን ካሰርኩ በኋላ ከበር ተመልሼ ባትሪው 30 በመቶ እስኪደርስ ቁጭ ብዬ ጠብቄያለሁ። ዙሩ ራሱ የሚፈጀው ጊዜ ባትሪውን ስጠብቅ ካጠፋሁት ያነሰ ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሰዓቴ። ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ነገር አልነበረም፤ የልብ ምት፣ ኦክስጅን፣ የደም ግፊት፣ ስኳር ሳይቀር። አንድ ማታ ልታጠብ ፈትቼ ሳስቀምጠው ከጀርባው ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። እስቲ ብዬ የተጠቀለለ ፎጣ ላይ አሰርኩትና መለኪያውን ነካሁት። አሰበ፣ አሰበ። 78 አለ። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩት፣ 81። የደም ግፊቱ 118 በ76። ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ፎጣ ነው።

ነገሩ አስማት የለበትም። አረንጓዴ ብርሃንን ደም ይመጠዋል። ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳ ሥር ያለው ደም ከፍ ዝቅ ስለሚል ተመልሶ የሚመጣው ብርሃንም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰዓቱ የሚቆጥረው ያንን ነው። ላላ ብሎ ከታሰረ፣ እጅ በብርድ ከደነዘዘ፣ ወይም ንቅሳት ላይ ካረፈ ደህና የሚባለውም ሰዓት ይሳሳታል። በቅጡ ያልተሠራው ግን ከፎጣም ሆነ ከሌላ ያገኘውን ትንሽ ብልጭታ ይዞ ቁጥር ይፈጥራል።

የልብ ምቱስ ይሁን፣ ሰው አይጎዳም። የሚያስፈራኝ ስኳሩ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2024 መጀመሪያ ላይ ቆዳ ሳይወጋ በራሱ ስኳር የሚለካ አንድም ስማርት ሰዓት ወይም ቀለበት እንዳልፈቀደ ተናግሮ፣ እንዲህ ባሉት ዕቃዎች እንዳትለኩ ብሎ አስጠንቅቋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ፎጣዬን ጤነኛ ነው ያለ ዕቃ አምኖ መጠኑን ሲወስን አስቡት። ግፊቱም ቢሆን ያው ነው። ሳምሰንግ እንኳ ግፊት የሚለኩት ሰዓቶቹ በየ28 ቀኑ ክንድ ላይ በሚጠመጠመው መለኪያ እንዲስተካከሉ ይጠይቃል። ከሳጥኑ እንደወጣ ግፊት የሚናገር ርካሽ ሰዓት ቁጥሩን ከየት አመጣው? እናት አባታችሁ እንዲህ ያለ ሰዓት ካሰሩ አንዴ ፎጣ ላይ ሞክሩላቸው፣ ከእኔ ስብከት ይልቅ እሱ ያሳምናቸዋል።

ሁሉም ውሸት ነው እያልኩ ግን አይደለም። በአፕል ሰዓት ላይ የተሠራና በ2019 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ፤ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ገብተውበታል። «የልብ ምትዎ የተዛባ ይመስላል» የሚል ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 0.5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከእነሱ መካከል በኋላ ደረት ላይ የሚለጠፍ መከታተያ አድርገው ከመለሱት 34 በመቶው ላይ የምት መዛባት ተገኘ። ይህ ችግር መጥቶ የሚሄድ ስለሆነ በቀሪዎቹ ላይ አለመታየቱ ሰዓቱ ዋሽቷል አያሰኝም። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፦ ሲያስጠነቅቅ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ዝም ሲል ደግሞ ጤነኛ ነኝ ብላችሁ አትዘናጉ።

ስለ ሰው ፊት ደግሞ ላውራ፣ ምክንያቱም ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። አንድ የቅርብ ወዳጄ ከሥራ እንዴት እንዳሰናበቱት እያጫወተኝ ነው። ድምፁ ወርዷል፣ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። እጄን ነዘረኝ። አየሁት። ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። ዝም አለ። ከዚያ «ቸኩለሃል እንዴ?» አለኝ። ስክሪኑ ላይ የነበረው «ለመቆም ጊዜው ነው!» የሚል ነው። ሰው ስልኩን ሲነካካ ቢያዩት ባለጌ ይሉት ይሆናል፤ ሰዓቱን ሲያይ ግን አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፣ መቼ ነው የምትጨርሰው ማለት ነው። «አይ፣ ሰዓቱ ቁም እያለኝ ነው» ብዬ ላስረዳ ስሞክር ነገሩ ባሰ። ወሬው ተቆረጠ፣ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመርን። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ሴቲንጉን ከፈትኩና ጥሪ፣ ታይመርና ማንቂያ ሲቀሩ የቀረውን ኖቲፊኬሽን በሙሉ ዘጋሁት። የግሩፕ ወሬ፣ የዜና አፕ፣ «ተንፍስ» የሚለኝ፣ «ቁም» የሚለኝ፣ ሁሉም። ሳላስታውሰው እንኳ እተነፍሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው ከሰዓቱ ጋር የታረቅነው ማለት ይቻላል። እጄ ሳሙና ሆኖ ስልኬ ሌላ ክፍል ሲጮህ ማን እንደሆነ አያለሁ። ምድጃ ላይ የተጣደውን በታይመር እጠብቃለሁ፣ አይረሳኝም። ጠዋት ባለቤቴን ሳይቀሰቅስ እጄን ብቻ ነዝሮ ያነቃኝ ነበር። ስልኬ ሲጠፋብኝ ከሰዓቱ ላይ አስጮኸዋለሁ፤ በሐቀኝነት ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይኼ ነው፣ በቀን ሦስቴ አስጮኸዋለሁ፣ አንዴ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ ጮኾልኛል። የድሮው ሰዓት በፊደላችን የተጻፈ መልእክት ሲመጣለት ሳጥን በሳጥን አድርጎ ነበር የሚያሳየኝ፤ ይኼኛው ቢያንስ ያነባል።

ቆዳዬም አንድ ሰሞን ቀልቶ ያሳክከኝ ነበር። አለርጂ ነው ብዬ ስጨነቅ ለካ ሳሙናና ላብ ማሰሪያው ሥር ታፍኖ እየቀረ ነው። አሁን ታጥቤ ስወጣ እጄንም ማሰሪያውንም አደርቃለሁ፣ አንድ ቀዳዳ ላላ አድርጌ አስራለሁ፣ ጠፋልኝ። ደግሞ 50 ሜትር ውኃ ይችላል ሲባል ለዘላለም ይችላል ማለት አይደለም፤ ሙቅ ውኃና ሳሙና ማሸጊያ ላስቲኩን ስለሚጎዱት እኔ ይዤው አልታጠብም።

የቀረችን ባትሪዋ ነበረች። ቀን ላይ ቻርጅ ካደረግኩት ጥሪ ያመልጠኛል፣ ማታ ካደረግኩት የእንቅልፉ ነገር ይቀራል። ለወራት የመታጠቢያዋን ሩብ ሰዓት እየሰረቅኩ፣ ቁርስ ስበላ እየሰካሁ ስንገላታ ከረምኩ። ባትሪ የምለምነው ደግሞ ቀኔን ለሚያበላሽ ነጥብ ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ማታ ማታ ፈትቼ ቻርጀሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ማንቂያውን ለስልኬ ሰጥቼዋለሁ፤ ባለቤቴ በጩኸቱ አጉረምርማለች፣ እንደራደራለን። ዛሬ ጠዋት አንስቼ ሳስረው «ያለፈው ሌሊት መረጃ የለም» አለኝ።

እንዴት አደርክ ብላ ጠየቀችኝ። ትንሽ አሰብኩና «ደህና መሰለኝ» አልኳት።