አይነሡ፣ እኛ አለንልዎት!

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዲት ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን በእግራቸው ሲሄዱ ታዩ። አዎ፣ በእግራቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከቀሚሳቸው ሥር ሸራ ጫማ አድርገው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ፈጠን ፈጠን ይሉ ነበር። ሰፈሩ መቼም ዝም ብሎ አያይም። አንዷ «ማን ሞተ?» ብላ ደረቷን ያዘች። ሌላው «ልጆቻቸው አስቀይመዋቸው ይሆን?» እያለ ለሽምግልና ተዘጋጀ። ባለ መኪናው ግን ሁሉንም በለጠ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ይግቡ እማማ፣ ላድርስዎት» አለ።

«የትም አልሄድም ልጄ፣ ሐኪሙ ተራመጂ ብሎኝ ነው።»

«ታዲያ የሚራመዱበት ቦታ ላድርስዎት!»

አደረሳቸውም። አያት ድረስ ወስዶ አወረዳቸው። እዚያ ቆመው የመመለሻ ታክሲ ሲጠብቁ ደግሞ አንድ ትሑት ወጣት ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ወንበር አቀረበላቸው።

ይህ ሕዝብ ካልተመሰገነ ማን ይመስገን? በየሰፈራችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ሁለት ራስ ሽንኩርት የያዘ ፌስታል ከአዛውንት እጅ ነጥቆ የሚሮጠው ደግ ጎረምሳ አለ። ውጭ አገር ሆኖ በየሳምንቱ እየደወለ «እማዬ፣ ዛሬም ከቤት አልወጣሽም አይደል?» ብሎ የሚያረጋግጠው አሳቢ ልጅ አለ። እስከ ትናንት ሦስት ፎቅ እየወጡ ሲሠሩ የነበሩትን ሰው፣ 60 ዓመት ስለሞላቸው ብቻ ጋቢና ከዘራ ሸልሞ የሚሸኝ መሥሪያ ቤትም አለ። ጋቢው ይሁን፣ ብርድ አለ። ከዘራው ግን ከየትኛው የሕክምና ማስረጃ እንደመጣ እስካሁን የነገረን የለም።

በየዓመቱ ሰሙነ ሕማማትን ሲሰግዱ የኖሩ እናት፣ ከወለል ተነሥቶ መቆምን ያለ አሠልጣኝ ዕድሜ ልካቸውን የተለማመዱ እናት፣ ዛሬ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሚከተላቸው ልጅ አላቸው። ልጁ ራሱ ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ የደረጃውን ብረት ይዞ ትንፋሹን ይሰበስባል። በቀን አምስት ጊዜ ከሱጁድ የሚነሡትን ሐጂም በብብታቸው ገብቶ ለማንሣት ዘመድ ይሽቀዳደማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ያወጣው መመሪያ፣ ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ደህና አድርጎ ይንቀሳቀስ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይሥራ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን መጠበቅን ይለማመድ ይላል። ድርጅቱ የእኛን ብሎክ አያውቀውም። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናትማ ይባስ ብሎ፣ ዘጠና ዓመት ገደማ የሆናቸውን የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎች ለስምንት ሳምንት በክብደት አሠልጥነን የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ጨመረ አለ። ነውር እኮ ነው! እኛ ዘንድ ቢሆን ገና በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌ ተልኮ ይቆም ነበር።

አበበ ቢቂላም ዕድለኛ ሰው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ በ1970 እንግሊዝ አገር ሄዶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። የእኛ ጎረቤት ቢሆን ኖሮ «ሁለት የማራቶን ወርቅ ይበቃሃል፣ በል ተኛ» ብለን ብርድ ልብስ እናለብሰው ነበር።

ጡንቻ ካልሠሩበት ይሟሟል፤ በስተርጅና ደግሞ ፈጥኖ ይሟሟል። ጤነኛ አዛውንት አሥር ቀን ብቻ አልጋ ላይ ቢውል ከእግሩ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ሊያጣ ይችላል። እግር ሲከዳ ሰው ይወድቃል፤ ሲወድቅ የዳሌው አጥንት ይሰበራል፤ ከዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን «ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው» እንባባላለን። ዕድሜ አይደለም! «እንቅፋት አይምታችሁ» ብለው መርቀው ያሳደጉንን ሰዎች መንገድ በአሸዋና በብሎኬት ክምር የዘጋን፣ ክዳኑ የጠፋውን ቦይ እያየን ዘልለን ያለፍን፣ ደፍረው የወጡትን ደግሞ አፍረው እንዲመለሱ ያደረግን እኛ ነን።

ወደ ደጎቹ ልመለስ፤ የሶፋውን ነገር ሳልናገር ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። ማለዳ ወርደው ዳቦ ይገዛሉ፤ የውኃ ፈረቃ ሲደርስ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዘው ይወጣሉ። ልጆቻቸው ይህን ጉድ ሰምተው ተሰበሰቡ። በመጀመሪያው ስብሰባ ጀሪካኑ ተወረሰ። በሁለተኛው ዳቦው ለሠራተኛዋ ተላለፈ። በሦስተኛው ሶፋ ተገዛ። ሶፋው ለስላሳና ጥልቅ ነው፤ የተቀመጠበትን ሰው እስከ ወገቡ ይውጣል። እናትየው ተቀመጡ። መነሣት ግን ሌላ ጉዳይ ሆነ። ሠራተኛዋ ብቻዋን ስላልቻለች የብሎኩ ጥበቃ ይጠራ ጀመር። ለቁርስ ይጠራል፣ ለመጸዳጃ ይጠራል፣ ለጸሎት ይጠራል። አራት ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ ከርሞ ቦርጩ ጠፋ፤ ሱሪው እየሰፋው መቀነት አስሮ መጣ። በቤቱ ውስጥ ጤናው የተሻሻለ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ጥበቃውን የሚጠሩበት ደወል ተገዛ። ሪሞቱ ሶፋው ሥር የገባ ቀን አራተኛ ስብሰባ ተጠራና ሁለተኛ ሪሞት ተገዛ። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ሐኪሙ ጉልበታቸው መድከሙን ተናግሮ እንቅስቃሴ አዘዘ።

እነዚያ ደግ ልጆች ገንዘብ ሰበሰቡ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ቤት ድረስ የሚመጣ አሠልጣኝ ተቀጠረ። ምን ያሠራቸዋል ብትሉ፣ ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጦ አሥር ጊዜ ያስነሣቸዋል። በሁለት እጃቸው ውኃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ ያስይዛቸዋል። የሳሎኑ ደፍ ላይ ያስወጣቸዋል፣ ያስወርዳቸዋል። ሴት ልጃቸው በስልኳ እየቀረጸች ውጭ አገር ትልካለች፤ ከዚያም «ጎበዝ እማዬ!» የሚል መልእክት ይመጣል። እናትየው አንድ ቀን «ልጆቼ፣ ጀሪካኔን ብትመልሱልኝ ይህን በነጻ እሠራው ነበር» ቢሉ ቤተሰቡ በሙሉ በፍቅር ሳቀ።

ሰሞኑን ደግሞ አሠልጣኙ ዋጋ ጨምሯል። ሊፍት ስለሌለ አራት ፎቅ በእግር መውጣቱ አድክሞታል። ልጆቹ ጥያቄውን ተገቢ ሆኖ አገኙት፤ ሰው ለምን ይድከም? እናትየው ግን «እኔ ወርጄ ታች ብጠብቀውስ?» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ውድቅ ሆነ፤ ደረጃው ያደክማቸዋል።