ትናንትን የሚተነብዩ

እጅ ነስቻለሁ! ለቤዝቦል ጄኔራል ማናጀሮች ማለቴ አይደለም። እነሱማ ተራ ሠራተኞች ናቸው። ተጫዋች ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይለዋወጣሉ፣ ሳይሳካ ሲቀር ይባረራሉ። እጅ የምነሳው እነሱን እያነጻጸሩ «ማን ይበልጣል?» ለሚሉት መዛኞች ነው። መዛኞቹ ተሳስተው አያውቁም። ፍርድ የሚሰጡት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነዋ! ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ እኮ በጅብ አይበላም።

ሚዛናቸው ደግሞ ሲያምር። ዋንጫ ይቆጥራሉ፣ አለቀ። የኒውዮርክ ያንኪሱ ብራያን ካሽማን አራት፣ የኦክላንዱ ቢሊ ቢን ዜሮ። (ካሽማን እ.ኤ.አ. በ1998 ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እነ ዴሪክ ጄተርንና ማሪያኖ ሪቬራን የመሳሰሉ ኮከቦችን ቤት ውስጥ ነው ያገኛቸው። ይሄን ማንሳት ግን ምቀኝነት ይሆንብኛል።) እኛ ሞኞቹ «ገንዘቡስ?» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2002 ያንኪስ ለተጫዋቾች ደመወዝ 125 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያወጣ፣ ኦክላንድ ያወጣው 40 ሚሊዮን አካባቢ ነበር። ሁለቱም በመደበኛው ውድድር 103 ጨዋታ አሸነፉ። ሁለቱም በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የዚያን ዓመት ዋንጫ የወሰደው አናሃይም ኤንጀልስ ነው። ጄኔራል ማናጀሩ ቢል ስቶንማን ይባላል። በየንጽጽሩ ስሙን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም። ዋንጫ የሚቆጠረው ሰውዬው ዝነኛ ሲሆን ነው መሰለኝ።

የቦስተን ሬድ ሶክስ ጄኔራል ማናጀር የነበረውን ቲዮ ኤፕስታይንን እንውሰድ። መዛኞቹ ሊቅ ነው ይላሉ፣ እኔም አልከራከርም። በ2004 አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት የጥሎ ማለፍ ዙር ቦስተን በያንኪስ 3 ለ 0 ተመርቶ፣ በአራተኛው ጨዋታ ዘጠነኛ ኢኒንግ (የመጨረሻው ዙር) ላይ በአንድ ነጥብ እየተሸነፈ ነበር። ያን ጨዋታ ከተሸነፈ ቀብር ነው። የቦስተኑ ዴቭ ሮበርትስ ሁለተኛውን ቤዝ ሊሰርቅ፣ ማለትም ኳስ ሳይመታለት ቀጣዩ ማረፊያ ሊደርስ፣ ሮጠ። ኳሷና እጁ እኩል ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። ዳኛው «ሴፍ!» (ደርሷል!) አለ። ቦስተን ያን ጨዋታ አሸነፈ፣ ከዚያም ሦስቱን ደገመ፣ በወርልድ ሲሪስም (የሻምፒዮናው ፍጻሜ ነው) የ86 ዓመት የዋንጫ ረሃቡን ቆረጠ። ዳኛው «አውት!» (ተይዟል!) ብሎ ቢሆን ኖሮስ? ኤፕስታይን የከተማውን ተወዳጅ ተጫዋች፣ ኖማር ጋርሲያፓራን፣ በውድድሩ መሃል በሌሎች ተጫዋቾች የለወጠ ጉድ ሆኖ ይቀር ነበር። መዛኞቹ ያቺን ስንዝር የማትሞላ ርቀት አይተው የአንድን ሰው አእምሮ መለካታቸው እንዴት አያስቀና!

እኛ ዋሽንግተን አካባቢ ያለን አበሾች ለዚህ ጥበብ ቅርብ ነን። አንድ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ የከተማውን ቡድን የናሽናልስን ደጋፊዎች ከስታዲየም ይጭናል። በሜይ 2019 ቡድኑ ከ50 ጨዋታ 31ዱን ተሸንፎ ነበር። የጫነው ሁሉ «ጄኔራል ማናጀሩ ማይክ ሪዞ ይባረር!» ይል ነበር። በኦክቶበር ያው ቡድን ወርልድ ሲሪስን አሸነፈ። የጫነው ሁሉ «ድሮም ብያለሁ፣ ሪዞ ሊቅ ነው» አለ። ጉርሻውም ጨምሮ ነበር አለኝ።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በዲሴምበር ነው። የቡድኑ ኮከቦች፣ ኳስ ወርዋሪው ስቲቨን ስትራስበርግና መቺው አንቶኒ ሬንዶን፣ ኮንትራታቸው አልቋል። ባለቤቶቹ ሁለቱንም ማቆየት አንችልም አሉ። ስትራስበርግ በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ቀረ። ሬንዶን ወደ ኤንጀልስ ሄደ። በስንት? በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር! ስትራስበርግ ከዚያ በኋላ 8 ጨዋታ ብቻ ወርውሮ በጉዳት ምክንያት ጡረታ ወጣ። «ሬንዶንን ነበር ማስቀረት!» ተባለ። ሬንዶንም ጉዳቱ አልለቀው ብሎ፣ በኤንጀልስ ቤት 162 ጨዋታ ባለው ውድድር በአንድም ዓመት 60 አልሞላም። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ ሁለቱንም መሸኘት ነበር። ዋንጫው ገና ከነትኩሳቱ እያለ ሁለቱንም ቢሸኝ ኖሮ ሪዞ ከከተማው በምን ሾልኮ ይወጣ እንደነበር እኔ አላውቅም። መዛኞቹ ግን ያውቁታል። ዛሬ።

ከዓመታት በኋላ የቦስተንን ቡድን የመራውን ዴቭ ዶምብራውስኪንማ ተዉት። ቦስተንን በ2018 በ108 ድል ሻምፒዮን አደረገ፣ በሚቀጥለው ሴፕቴምበር ተባረረ። ዓመት እንኳ አልሞላም።

ሪዞም በ2025 ውድድሩ ሳያልቅ ተሰናበተ። አሁን ወንበሩ ላይ አዲስ ሰው አለ። ጓደኛዬን «ተሳፋሪዎችህ ስለ አዲሱ ምን ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ገና ነው» አለኝ። «ለሁለቱም ተዘጋጅተዋል።»