ኮሌራ በሉት እንጂ

እናንተ ሰዎች፣ ሰው ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው “ምች ነው” የምትሉትን ነገር ተዉ። ቆይ፣ ምች ማንን ነው በግማሽ ቀን የገደለው?

የ2008 ክረምት ነው። አዲስ አበባ “አተት” የሚል ቃል የለመደችበት ክረምት። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ሲያጥር ማለት ነው። ልክ ነው፣ ያስቀመጠው ሁሉ ኮሌራ የያዘው አይደለም። ግን አተት የምልክቱ ስም ነው። ምልክቱን ጠርተን በሽታውን ዋጥነው። አያቶቻችን እንኳ ፈንግል ይሉት ነበር፣ ሰው የሚፈነግል።

ግቢያችን ስምንት ቤት አንድ ሽንት ቤት ይጋራል። ዝናብ ሲበረታ ሞልቶ ይፈሳል። የግቢያችን እማማን ሌሊት ጀመራቸው። “ምች ነው” ተባለና ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጣቸው። ሲነጋ ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ የሚወጣቸው የሩዝ ውሃ ይመስላል። ጤና ጣቢያው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። “ግቢው ይታሸጋል፣ ሰው ምን ይለናል” ተባለና ሳይወሰዱ ቀሩ። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ፣ ያንን ሕይወት አድን የሚሉትን ዱቄት፣ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት እኮ ብዙ ሰው ያተርፋል! እማማ ከሰዓት በኋላ አረፉ።

የእድሩ ጸሐፊ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ማስታወቂያው ላይ “ባደረባቸው ሕመም” ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ብጽፍ ሰው ውሃውን ያፈላ፣ እጁን ይታጠብ ነበር። አልጻፍኩም። ድንኳን ተጣለ፣ ውሃ ከአንድ በርሜል በአንድ ጣሳ ተቀዳ፣ ንፍሮው በእጅ ተዘገነ። በሦስተኛው ቀን ሁለት የግቢ ልጆች ወደቁ። እናታቸው “ኮሌራ ነው!” እያለች እየጮኸች ጤና ጣቢያ አደረሰቻቸውና ተረፉ። እኛስ ምን አደረግን? ስማችንን አጠፋች ብለን አኮረፍናት። እኔም አኮረፍኩ፣ ስድስት ወር ሙሉ ሰላምታ ነሳኋት።

በ2014 ነሐሴ በሽታው ባሌ ላይ ሲነሳ የመንግሥት መግለጫው ኮሌራ ነው ያለው። ሰፈራችን ግን ያው ምች ላይ ነው።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ሕፃን ሲያስመልሰው ያንኑ ስም አወጣንለት። ያቺ እናት ዝም አለች፣ ሰልችቷት መሰለኝ። ከበሩ ሥር ትንሿ ልጇ “ኮሌራ ቢሆንስ?” አለች። የተቆጣት የለም። አንዱ ጃንጥላውን አንስቶ ኦአርኤስ ሊገዛ ወጣ።