ቦርጩ ሲመቸው ዕጢዋ ጡረታ ወጣች

እኛ አገር ወንድ ልጅ ቦርጭ ሲያወጣ እንኳን ደስ አለህ ሊባል ምንም አይቀረው። «አማረብህ! ተመችቶሃል!» ይባላል። ቀጠን ብሎ የመጣውን ደግሞ «ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» ብለው ያስደነግጡታል። ሳይጠየቅ ምግብ ይቀርብለታል፣ «በሞቴ» ተብሎ ሦስት ጉርሻ ይጎርሳል።

አንጎላችን ሥር ያለችው ዕጢ ግን በዚህ ደስታ ውስጥ የለችበትም። ፒቱታሪ ትባላለች፣ አተር ብታክል ነው። የእድገት ሆርሞንን የምታመነጨው እሷ ናት። ስሙን ሰምታችሁ የልጆች ጉዳይ ነው እንዳትሉ፤ ቁመት ካቆመ በኋላም ጡንቻና አጥንት የሚጠብቀው፣ ስብ የሚያቀልጠው ይኸው ሆርሞን ነው። ሆድ ዕቃ መሀል የሚጠራቀመው ስብ በጨመረ ቁጥር ታዲያ ሆርሞኑ ይቀንሳል። ሆርሞኑ ሲቀንስ ደግሞ ስቡ ይበረታል። ተደጋግፈው ይኖራሉ።

እኛ ቦርጭን የምንለካው በሱሪ ቁጥር ነው። ድራፍት ቤት በር ላይ ቆም ብላችሁ የሚገቡትን ጎልማሶች ተመልከቱ። ከሠርጉ ጀምሮ ሱሪው 34 ነው፣ አልተለወጠም፣ ይምልላችኋል። የተለወጠው ቀበቶው ያለበት ቦታ ነው። ድሮ እምብርት አካባቢ ነበር፤ ቀስ በቀስ ቁልቁል ወርዶ ዛሬ ከቦርጩ ሥር ተሸጉጧል፣ ባለቤቱ ራሱ ካየው ቆይቷል፣ ብቻ በየአምስት ደቂቃው በሁለት እጁ ሽቅብ ይጎትተዋል። እምብርቱ ላይ ሜትር ቢዞር ሌላ ቁጥር ይመጣል። ሜትር ግን ማን ይወዳል?

ወደ እንቅልፍ ስንመጣ ነው ጉዱ። ሆርሞኑ ቀኑን ሙሉ እኩል አይፈስም፤ ገንፈል ይልና ይጠፋል። ወንዶች ላይ ትልቁ የሚገነፍለው እንቅልፍ እንደወሰደን፣ በመጀመሪያው ጥልቅ እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ከ16 እስከ 83 ዓመት የሆናቸውን 149 ጤነኛ ወንዶች አይቶ ነበር። ከ16 እስከ 25 ባሉት ላይ ጥልቅ እንቅልፍ ከሌሊቱ 19 በመቶ ገደማ ይይዛል። ከ36 እስከ 50 ባሉት ላይ ከ3 በመቶ ትንሽ በለጥ ቢል ነው። ሆርሞኑም አብሮ ወርዷል። ሰውየው «አርባ ዓመት ምን አላት» እያለ ዕጢዋ ግማሽ ጡረታ ላይ ናት።

የተረፈችውንስ እንቅልፍ ምን እናደርጋታለን? ለሻምፒዮንስ ሊግ እንሰጣታለን። በአውሮፓ ክረምት ጨዋታው እኛ ጋ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይጀምራል፤ ሲያልቅ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ዳኛውን መስደብ አለ፣ ታክሲ መጠበቅ አለ፣ ሚስት እንዳትነቃ ጫማን በእጅ ይዞ መግባት አለ። ይህ ሁሉ ከአራት አምስት ድራፍት ጋር። አልኮል ቶሎ ያስተኛል እንጂ የሌሊቱን ሆርሞን ይጨቁነዋል። ከዚያ ማንኮራፋቱ ይጀምራል። ሚስት ጠዋት «ደክሞት ነው፣ እንቅልፉን ለጠጠው» ትላለች። ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚያንኮራፋ ሰው ግን ጥልቁ እንቅልፍ ደጃፍ እየደረሰ ሲመለስ ነው ያደረው።

ይኸው ሰው አንድ ቀን «ሆርሞኔን ልለካ» ብሎ ላብራቶሪ ይሄዳል። ገንፍሎ በጠፋበት ሰዓት የተቀዳ ደም ዜሮ አካባቢ ቢያሳይ አይገርምም፤ ለዚህ ነው ሐኪሞች በዚሁ ሆርሞን ትእዛዝ ጉበት የሚያመነጨውን፣ እንደሱ የማይገነፍለውን አይጂኤፍ 1 የሚባል ሆርሞን የሚያዩት። እሱ ግን ይደነግጣል። ጂም ውስጥ ደግሞ ድንጉጥ የሚጠብቅ አይጠፋም። «ከውጭ የገባ መርፌ አለልህ ብሮ፣ ለማንም እንዳትናገር።» የዚህ ገበያ አባት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ጥናት ነው። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ 12 ወንዶች ለ6 ወር ሆርሞኑን ተወግተው ስባቸው 14 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሻጮቹ ይህችን ብቻ ሸምድደዋል። የመገጣጠሚያ ሕመሙን፣ እብጠቱን፣ ከፍ የሚለውን የደም ስኳር አያነሱም። ከልክ ሲያልፍ እጅ፣ እግርና መንጋጋ ያሳድጋል። ያ የ34 ሱሪ ባለቤት ጫማው ከ42 ወደ 45 ሲሄድ በምን እንደሚምል እንጃ።

ጾምም ሆርሞኑን ከፍ ያደርገዋል። የኛ ሰው እስከ 9 ሰዓት ይጾምና በያይነቱውን በተጨማሪ እንጀራ፣ በላዩም በለስላሳ ያወራርዳል። ስኳር ደግሞ ይህን ሆርሞን ስለሚያወርድ ሐኪሞች ራሳቸው ለምርመራ ይጠቀሙበታል።

ልብ ድው ድው እስኪል መሮጥ፣ ደረጃ መውጣትም ሆርሞኑን ይቀሰቅሰዋል፣ በነፃ። ሰውየው ግን የዓመት ከፍሏል። ጂሙ አራተኛ ፎቅ ነው፤ በሊፍት ይወጣል። መብራት የጠፋ ቀን ሊፍቱን አየት፣ ደረጃውን አየት ያደርግና «ዛሬ አልሆነም» ብሎ ቁርጥ ቤት ይገባል። ቁርጥ ቤቱ ምድር ላይ ነው።