ይድረስ ለዳሽቦርዱ ነዝናዛ

ከመኪናዬ መሪ ኋላ የት ጋ እንደተወሸቀ በውል ለማይታወቀው ጢጥ ባይ ማስጠንቀቂያ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ጩኸት በቀር ደህና ነኝ። ያንተን ደህንነት እንኳ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ድምፅህ አንድም ቀን ሰልሎ አያውቅም።

መጀመሪያ አንቱ ልልህ አስቤ ነበር። ለነገሩ አለቃዬ ከሆንክ ቆይተሃል። ግን በር ሳልዘጋ ጀምሮ የሚጮህብኝን ፍጡር አንቱ ለማለት አንጀቴ እምቢ አለ።

ቀበቶ ሳላስር ስንቀሳቀስ ትጮሃለህ። እሺ፣ እሱ መብትህ ነው፤ አልከራከርም። ቦርሳዬን ጎኔ ያለው ወንበር ላይ ሳስቀምጥ ግን «ተሳፋሪው ቀበቶ አላሰረም» ብለህ መኪናውን የምታናውጠው ምን ነክቶህ ነው? ተሳፋሪው ቦርሳ ነው። ውስጡ ላፕቶፕ፣ ጃንጥላና የተጨማደደ ሹራብ ነው ያለው። ወንበሩ ውስጥ የተቀበረው ሴንሰርህ ክብደት እንጂ ነፍስ አይለይም። እኔም ጭቅጭቅ ስለሰለቸኝ ቦርሳውን እንደ ጨዋ ሰው በቀበቶ አስሬው ሁለታችንም ወደ ፊት እያየን እንሄዳለን። ያየን ሰው ተኳርፈን ነው የሚመስለው።

ኋላ ማርሽ ሳስገባ ደግሞ ሣር ያስደነግጥሃል። ሲዘንብ አንዲት ጠብታ ሴንሰርህ ላይ ካረፈች ግንብ ልንገጭ ነው ትላለህ። ከፊቴ ያለው መኪና ሊታጠፍ ፍጥነቱን ሲቀንስ ዳሽቦርዱን በቀይ መብራት ታጥለቀልቀዋለህ። ከዋናው መንገድ ለሚወጡ ብቻ የተተከለውን የፍጥነት ምልክት አንብበህ አውራ ጎዳና ላይ በ40 ንዳ ትለኛለህ። ያቺ የቡና ሲኒ ሥዕልስ! መሪው ግራ ቀኝ ያለበትን ቆጥረህ «ደክሞሃል፣ እረፍት ውሰድ» ብለህ ሲኒ ታበራልኛለህ። አቦ፣ ጉድጓድ እየሸሸሁ ነው! የደከመው መንገዱ ነው።

ቅጠል በተወዛወዘ ቁጥር የሚጮህ ውሻ ያለው ሰው፣ ሌባ የመጣ ቀንም ትራሱን አገላብጦ ነው የሚተኛው። ያንተም ነገር እንደዚያው ሆኗል። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትን ያስተማርከን አንተው ነህ። ለሣርም ለሕፃንም በአንድ ድምፅ ስለምትጮህ ጆሯችን ለይቶ መደንገጡን ትቷል። ሰው አንተን ዝም ለማሰኘት ምን እንደሚገዛ ታውቃለህ? የቀበቶ ምላስ የሚመስል ባዶ ብረት። ማሰሪያው ውስጥ ይሰካዋል፣ አንተ ትሸወዳለህ፣ እሱ ያለ ቀበቶ ይነዳል። ቀበቶውን ጠልቶ አይደለም፤ አንተን ጠልቶ ነው። (እሺ፣ አንዳንዱ ቀበቶውንም ጠልቶ ነው። ለእሱ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል።)

ደግሞ «መኪና ማለት የድሮው ብረት ነው፣ ድሮ ቀረ» ከሚሉት እንዳትደምረኝ። የድሮው ብረት ሲጋጭ የሹፌሩን ደረት ለመሪው ዘንግ ነበር የሚያስረክበው። ዘመዶችህን አከብራለሁ። ኒልስ ቦህሊን የሚባለው የቮልቮ መሐንዲስ በ1959 ባለሦስት ነጥቡን ቀበቶ ሲሠራ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፣ ከሰዓትህ ጋር እንዳትጣላ) ኩባንያው ሌሎችም እንዲጠቀሙበት የፈጠራ መብቱን ክፍት አደረገው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ካሰረ የመሞት አደጋው ከ45 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል። በ1995 ደግሞ መኪና ሲንሸራተት ጎማዎቹን ለየብቻ ፍሬን እየያዘ ወደ መስመሩ የሚመልሰው መጣ። አደጋ ሲያይ በራሱ ፍሬን የሚይዘውም አለ፤ የአሜሪካ የመድን ኩባንያዎች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም፣ ከኋላ መጥቶ መግጨትን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አግኝቷል። እነዚህን የሚሳደብ ሰው እኔ ጋ አይምጣ።

ልዩነታችሁ ምን መሰለህ? እነሱ ሥራ የሚጀምሩት ሰው ከተሳሳተ በኋላ ነው፤ እስከዚያ አለን አይሉም። የመንሸራተት መከላከያ መኪናው ውስጥ መኖሩን የማያውቅ ሹፌር ስንት አለ! ስለማያውቀውም አይመካበትም። አንተ ግን ከመነሳታችን በፊት ጀምረህ «እኔ አይልሃለሁ» ትላለህ። ሰው ደግሞ አይዞህ ባይ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ይታወቃል።

ካላመንክ የሙኒክን ታክሲዎች ጠይቅ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ፍሬን ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ እዚያ ከተማ ከነበሩ ተመሳሳይ ታክሲዎች አንዳንዶቹ ኤቢኤስ ነበራቸው፣ አንዳንዶቹ አልነበራቸውም። ተመራማሪዎች የአደጋ መዝገባቸውን አገላበጡ፤ አልፎ ተርፎም ሹፌሩ ሳያውቅ እንደ ተሳፋሪ እየገቡ አነዳዱን መዘገቡ። በጥሩው ፍሬን የሚነዱት አደጋቸው አልቀነሰም። ኩርባ ሲዞሩ በኃይል ነው፣ መስመራቸውንም በወጉ አይጠብቁም። ፍሬኑ የሰጣቸውን ትርፍ በፍጥነት መልሰው በሉት ማለት ነው።

ስዊድን ደግሞ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 አገሩ በሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የዞረ ለት፣ ጉድ ሊፈላ ነው ሲባል አደጋው ጭራሽ ቀነሰ። ሰው ሁሉ ፈርቶ ዓይኑን ከፈተ። ውሎ አድሮ ለመደው፣ አደጋውም ወደ ቦታው ተመለሰ። ያን ሰሞን ያንተ አንድ ጢጥ አላስፈለገም።

አሁን ወደ ዋናው ጠባችን እንምጣ። ስክሪኑን ማን አመጣው? ያንተው ጓደኛ አይደለም? እዚህ ላይ እንኳ ትንሽ ድሮ ቀረ ልበል። የነፋሱን መጠን ለመቀነስ አንዲት የምትዞር ቁልፍ ነበረች። እጅ በዳበሳ ያገኛታል፤ ክብ ናት፣ ዳሯ ሻካራ ነው፣ ስትዞር ቀጭ ቀጭ ትላለች፣ ዓይን ከሥራው አይፈታም። አሁን የመኪናዋን ሥዕል መንካት፣ ከዚያ «ምቾት» የሚለውን፣ ከዚያ የነፋሱን ምልክት፣ ከዚያ ምንም መያዣ በሌለው መስታወት ላይ ጣትን ማንሸራተት ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ጣቴ ይስታል፤ ነፋሱ እንደነበረ ሆኖ ወንበሩ መሞቅ ይጀምራል። ወንበሩን ለማጥፋት ወደ ኋላ ተመለስ፣ እንደገና ግባ። ይሄኔ አንተ ከች! «ዓይንህን መንገዱ ላይ አድርግ።» ወንድሜ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ላይ ማን አነሳው? አንዱ ና ይለኛል፣ ሌላው ለምን ሄድክ ብሎ ይገርፈኛል፣ ሁለታችሁም ቀለብ የምትሰፈሩት ከአንድ ባትሪ ነው።

በ2022 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት ይሄንኑ ለክቶታል። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየተነዳ ወንበር ማሞቅ፣ ሬዲዮ ጣቢያ መቀየርና የመሳሰሉ ጥቃቅን ሥራዎች ይሠሩ ተባለ። በ2005 የተሠራው ባለ ቁልፍ ቮልቮ በ10 ሴኮንድ ተጠናቀቀ፤ እስከዚያ 306 ሜትር ሄዷል። ከአዲሶቹ ባለ ስክሪን መኪኖች መጨረሻ የወጣው 44.6 ሴኮንድ ፈጀ። 1,372 ሜትር! ሬዲዮ ለመቀየር ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ መንገዱን በግማሽ ዓይን። እንኳን እኔ፣ መኪኖችን በኮከብ የሚመዝነው ዩሮ ኤንካፕ እንኳ ተማሮ፣ ከ2026 ጀምሮ ሙሉ ነጥብ የሚፈልግ እንደ ፍሬቻ፣ የዝናብ መጥረጊያና ክላክስ ያሉትን በእጅ በሚጨበጥ ቁልፍ ያድርግ ብሏል። ክላክስን ስክሪን ውስጥ ሊከት የሚያስብ ሰው መኖሩ ራሱ አይገርምህም?

ከዚህም የባሰ አለ። መሪውንም ፍጥነቱንም ራሱ የሚይዘው ጓደኛህ። ሲሸጥ «ራሱን ይነዳል»፣ ሲጋጭ «እኔ ረዳት ብቻ ነኝ»። ማንዋሉ ውስጥ ኃላፊነቱ የሹፌሩ እንደሆነ ተጽፏል። የሹፌሩ ሥራ እንግዲህ ምን ሆነ? ምንም ሳይሠራ፣ ሁልጊዜ ለመሥራት ተዘጋጅቶ መቀመጥ።

ይሄ ሥራ ለሰው ልጅ እንደሚከብደው የታወቀው ዛሬ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ራዳር ተመልካቾች አፍጥጠው እየዋሉ የጠላት ሰርጓጅ መርከብ ስለሚያመልጣቸው፣ ኖርማን ማክዎርዝ የሚባል ተመራማሪ ነገሩን እንዲያጠና ተጠየቀ። በ1948 ያሳተመው ውጤት አጭር ነው። ሰዎቹን የምትዞር የሰዓት እጅ ፊት አስቀምጦ፣ አልፎ አልፎ እጥፍ ስትዘል እንዲነግሩት አደረገ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚያመልጣቸው ዝላይ በዛ። ያውም እነሱ ስልክ አልነበራቸውም።

ሊዛን ቤይንብሪጅ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ደግሞ በ1983 የጻፈችው ዛሬ ላንተ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ማሽኑ ቀላል ቀላሉን ይወስዳል፣ ከባዱን ለሰው ይተዋል፤ ሰውየውም ልምምድ ስለሌለው እጁ ይፈታል፣ የሚጠራው ደግሞ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ልክ እንዳንተ። ቀጥ ባለው መንገድ ሰውን ሲያዝናኑ ቆይታችሁ፣ መስመሩ ሲጠፋባችሁ ጢጥ! «ተረከበኝ!»

እዚህ ላይ ቀልዱን ለትንሽ ልተወው። ማርች 18 ቀን 2018 አሪዞና ውስጥ ቴምፒ ከተማ፣ የኡበር ኩባንያ ራሱን የሚነዳ የሙከራ መኪና በሌሊት ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። መኪናው ውስጥ እንድትከታተል የተቀመጠች ሠራተኛ ነበረች። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እንዳረጋገጠው የሠራተኛዋ ዓይን ስልክ ላይ ነበር። ቦርዱ ኩባንያውንም ወቅሷል፤ ሰው አሰልቺ ሥራ ላይ ሲቀመጥ እንደሚዘናጋ እየታወቀ በቂ ቁጥጥር አላደረገም። ካሜራው ነበር፣ ራዳሩ ነበር፣ ሌዘሩ ነበር፣ ሰውም ነበር። ሁሉም በሌላው ተማምኖ ይሁን እንጃ።

ሰውስ ዝም ብሎ ይታያል? እጅህ መሪው ላይ ይሁን ብለህ ስትነዘንዘው መሪው ላይ የሚንጠለጠል ክብደት ገዛ። ክብደቱ እጅ ይመስልሃል። በ2018 የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት አንዱን ሻጭ አቁም እስከማለት ደረሰ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ቴስላ፣ ሹፌሩ ንቁ መሆኑን የሚከታተልበት መንገድ በቂ አይደለም ተብሎ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ለማስተካከል ተገደደ። ማስተካከያው ምን መሰለህ? ሶፍትዌር ተልኮ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ተጫነ። ሰው ጢጥታ አልሰማ ሲል መድኃኒቱ ሌላ ጢጥታ! ሳቄን አልቻልኩም። በተከታዩ ዓመት ያው መሥሪያ ቤት ማስተካከያው ሠርቶ እንደሆነ ለማጣራት ሌላ ምርመራ ከፈተ።

እና እንደራደር። ፍሬን መያዝ ካለብህ ያዝ፤ አታስፈቅደኝ፣ በኋላም አታውራው። ሣር፣ ጠብታና ቦርሳ ከዛሬ ጀምሮ አይመለከቱህም። ሲኒውን አጥፋው። ያቺ ፊቴ ላይ የተተከለችው ካሜራ ትቆይ፤ እሷ እንኳ ቁም ነገር አላት፣ ስልክ ሳይ ካየችኝ እስከፈለግክ ጩህብኝ፣ መኪናው ይሰንጠቅ። ግን ዓይኔ ስክሪኑ ላይ መሆኑን ካየች፣ እኔን ትተህ ስክሪኑ ላይ ጩህ። የነፋሷን ቁልፍም መልስ። መሪውን ወይ ሙሉ በሙሉ ውሰድና ኃላፊነቱንም አብረህ ፈርም፣ ወይ ተወኝና ልንዳበት። ግማሽ ሹፌር መሆን አልፈልግም።

መልስህን በጢጥ እንዳትልክ።

ከሰላምታ ጋር፣
ቀበቶውን ያሰረው ሹፌር

ግልባጭ፦
ለስክሪኑ። አንብቦ ሲጨርስ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ይጫን፤ ግን መኪናው ጉድጓድ ላይ እያለ።