ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር “ፋይሉ ከመጠን በላይ ነው”

ለ፦ ክቡር “ፋይሉ ዳታስቶሩ ከሚፈቅደው መጠን በላይ ነው”
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የስናፕሾት ክልከላን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? መቼም ደህና ነዎት። እርስዎ ታመው አያውቁም። የሚታመመው ሰርቨሩ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ እኛ።

ሰዓት አክባሪነትዎን ሳላመሰግን ወደ ጉዳዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛል። በሥራ ሰዓት፣ ባለሙያው ሁሉ ቢሮ ባለበት፣ ስቶሬጁን የሸጠልን ሰው ስልክ በሚያነሳበት ጊዜ ብቅ ብለው አያውቁም። ባካፑ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲጀምር ግን ከች! ባካፑ ሥራውን ለመጀመር የቨርቹዋል ማሽኑን (በሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራውን ኮምፒውተር) ስናፕሾት፣ ማለትም የዚያች ቅጽበት ሁኔታውን፣ ማንሳት አለበት። እርስዎ ደግሞ “ፋይል ኢዝ ላርጀር ዛን ዘ ማክሲመም ሳይዝ ሰፖርትድ ባይ ዳታስቶር” ብለው ይመልሱታል፤ ዳታስቶር ማለት የማሽኖቹ ፋይሎች የሚቀመጡበት የስቶሬጅ ቦታ ነው። ጠዋት ኢሜይል ስንከፍት ቀይ ምልክት ተደርድሮ ይጠብቀናል።

ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ትልቅ ነው ይላሉ። እሺ፣ ትልቅ ነው። ግን የቱ ፋይል? የየትኛው ዳታስቶር ልክ? ልኩስ ስንት ነው? እርስዎን ሳስብ አንድ የቢሮ መስኮት ትዝ ይለኛል። ሰው ተሰልፎ፣ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ “አልተሟላም” የሚለው ሰውዬ ያለበት መስኮት። ምን እንደጎደለ አይናገርም። “ምኑ ነው ያልተሟላው?” ካሉት “ቀጣይ!” ይላል። ውሸት አልተናገረም እኮ። በእርግጥም አልተሟላም።

የማውቀውን አንድ ጉዳይ ላስታውስዎ። ዘመኑ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬደው የቪኤምዌር ሶፍትዌር፣ የኢኤስኤክስ 4 ነው። ሁለት ዲስክ ያለው አንድ ፋይል ሰርቨር ነበር። ዊንዶውስ የተጫነበት ትንሹ ዲስክና የማሽኑ የቅንብር ፋይሎች አንድ ዳታስቶር ላይ ተቀምጠዋል። 400 ጊጋባይት የሆነው የዳታ ዲስክ ደግሞ ሌላ ዳታስቶር ላይ። ሁለቱም ዳታስቶሮች ባዶ ቦታ ሞልቷቸዋል። ማሽኑ ያለ እንከን ይሠራል፤ ቅር ያለው ሰው የለም። ከዚያ የባካፕ ሶፍትዌር ተገዛ። የመጀመሪያው ስናፕሾት ሲታዘዝ እርስዎ መጡ።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይሄ ነው። ባለሙያው ባዶውን ቦታ ያያል፤ መቶ ምናምን ጊጋ ነጻ ነው። የቆዩ ፋይሎች አጠፋ። ያው ነዎት። ተጨማሪ ቦታ አስመደበ። አሁንም ያው ነዎት። አለቃው “ስቶሬጅ ገዛን አይደል እንዴ?” ብሎ ጠየቀ። እሱም በትህትና “ገዝተናል” አለ። ሌላ ምን ይበል?

ጉዳዩ የባዶ ቦታ አልነበረም። ያን ጊዜ ዳታስቶር የሚፎረማተው ቪኤምኤፍኤስ-3 በሚባለው የቪኤምዌር ፋይል ሥርዓት ነው። ቪኤምኤፍኤስ-3 ሲፈጠር የብሎክ (ቦታው የሚከፋፈልበት ቁራሽ) መጠን ያስመርጣል፤ 1፣ 2፣ 4 ወይም 8 ሜጋባይት። ሰው ደግሞ የቀረበለትን 1 ሜጋ እንዳለ ተቀብሎ “ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ” ይላል። ያቺ ምርጫ ግን የአንድን ፋይል ጣሪያ ትወስናለች። በ1 ሜጋ 256 ጊጋባይት፣ በ2 ሜጋ 512፣ በ4 ሜጋ 1 ቴራባይት፣ በ8 ሜጋ 2 ቴራባይት። የተቀረው ቦታ ባዶ ሜዳ ቢሆን እንኳ አንድ ፋይል ከዚያ አያልፍም። ምርጫውን ላስተካክል ካሉ ደግሞ ዳታስቶሩን ባዶ አድርጎ እንደገና መፎርማት ነው።

ፍላሽ ላይ ፊልም ገልብጦ የሚያውቅ ሰው ይሄ አይገርመውም። ፍላሹ 32 ጊጋ ነው፤ ባዶ ነው፤ 5 ጊጋ ፊልም ግን አልወስድም ይላል። የፍላሹ ፎርማት፣ ፋት32፣ ለአንድ ፋይል የሚፈቅደው እስከ 4 ጊጋ ስለሆነ ነው። የአጎትዎ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ግን ቢያንስ በቀን ነው የሚሠራው።

“ቆይ፣ የዳታ ዲስኩ ያለው እኮ ባለ 8 ሜጋ ብሎክ ዳታስቶር ላይ ነው!” አለ ባለሙያው። ልክ ነው። እስከ 2 ቴራ ይፈቀድለታል። እዚህ ላይ ነው የክቡርነትዎ ረቂቅነት የሚታየው። ስናፕሾት ሲነሳ ዋናው ዲስክ ባለበት ይረጋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው ሁሉ ዴልታ የሚባል አዲስ ፋይል ላይ ይሄዳል። በኢኤስኤክስ 4 ይሄ ዴልታ የሚቀመጠው ከዲስኩ ጎን አይደለም። የማሽኑ ቅንብር ካለበት ፎልደር ውስጥ ነው። ፎልደሩ ደግሞ ባለ 1 ሜጋው ዳታስቶር ላይ ነው። ዴልታ ሲፈጠር ኢምንት ነው፤ 16 ሜጋ፣ 16 ሜጋ እያለ ነው የሚያድገው። ነገር ግን የዲስኩ ይዘት በሙሉ ቢለወጥ 400 ጊጋ ሊደርስ ይችላል። እርስዎም “ሊደርስ ይችላል” የምትለዋን ይዘው፣ ገና አንድ ባይት ሳይጻፍ፣ ከ256 በላይ ነው ብለው ፈረዱ። በሠራው ሳይሆን ሊሠራ በሚችለው የሚቀጣ ፋይል ከእርስዎ ዘንድ ነው ያየሁት።

ሐቁን ልናገር፤ በፍርዱ አልከራከርም። ዴልታው በሥራ መሀል ጣሪያውን ቢነካ ማሽኑ ነው የሚቆመው። ከዚያስ ሌሊቱን መከልከል ይሻላል። የሚያናድደው ፍርዱን ሰጥተው ምክንያቱን መዋጥዎ ነው። “ዴልታው የሚያርፍበት ዳታስቶር ይሄ ነው፣ ጣሪያው 256 ነው፣ የእርስዎ ዲስክ 400 ነው” ቢሉ ጉዳዩ በአንድ ሻይ ያልቅ ነበር። ሰውዬው ግን የማያስፈልግ ቦታ ሲጨምርና የማያስፈልግ ፋይል ሲያጠፋ ከረመ።

ይባስ ብሎ፣ ልክዎን አውቆ የተጠነቀቀውም አልዳነም። “256 ይፈቀዳል አይደል?” ብሎ 256 የሞላ ዲስክ የፈጠረ ሰው ስናፕሾት ሲያነሳ እንደገና እርስዎን አገኘ። ለካ ዴልታው ከዳታው ሌላ የራሱን መዝገብም ይይዛል። ለእሱም ቦታ መተው ያስፈልጋል። ስለዚህ በ256ቱ ጣሪያ ሥር ዲስኩ ከ254 ጊጋ ማለፍ የለበትም፤ በ2 ቴራው ሥር ደግሞ ከ2032 ጊጋ። ዲስኩን ሲፈጥር ማን ነገረው? ማንም። 2 ቴራ ሊሞላ 512 ባይት ብቻ የቀረው ዲስክ ሲፈጠር አይተው እንዳላዩ አለፉ። ዲስክ ማሳደግ በአንድ ክሊክ ነው፤ ማሳነስ የሚባል ክሊክ ግን የለም። ይህንንም እያወቁ ነው ዝም ያሉት።

እርስዎን የሚያልፉበት መንገድ አለ፤ ሰው እንዲያነበው እዚሁ ልጻፈው። በመጀመሪያ የማሽኑ ቅንብር የት ዳታስቶር ላይ እንዳለ፣ እያንዳንዱ ዲስክ የት እንዳለ ለይቶ ማየት። ከዚያ የዳታስቶሩን የብሎክ መጠን ማየት። ማሽኑ ፎልደር ውስጥ ያለው ሎግም ከእርስዎ ይልቅ ተናጋሪ ነው። ስቶሬጅ ቪሞሽን ያለው ሰው ማሽኑን ሳያጠፋ ቅንብሩን ሰፊ ጣሪያ ወዳለው ዳታስቶር ያዛውራል፤ የሌለው አጥፍቶ ያዛውራል። ይሄ አልመች ካለ በቅንብር ፋይሉ ውስጥ “ዎርኪንግ ዲር” የሚለውን መስመር ቀይሮ ዴልታው ሌላ ቦታ እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል።

ብልጣ ብልጡ ደግሞ አቋራጭ ያውቃል። የዳታ ዲስኩን “ኢንዲፔንደንት” ያደርገዋል። እንዲህ የተደረገ ዲስክ ስናፕሾት አይነካውም፤ ስለዚህ እርስዎም አይመጡም። ባካፑ አረንጓዴ ይሆናል። ሪፖርቱ ያምራል። አለቃ ይደሰታል። በስናፕሾት የሚሠራው ባካፕ ውስጥ ግን ዳታው የለም። ይሄን ዓይነት ሰላም ከሚያወርዱልን እርስዎ ሌት ተቀን ቢነዘንዙን ይሻላል።

በ2011 (እ.ኤ.አ.) የቪኤምዌር አዲሱ ትውልድ ቪስፌር 5 ሲወጣ ተገላገልን ብለን ነበር። ቪኤምኤፍኤስ-5 መጣ፤ የብሎክ ምርጫ ቀረ፤ አዲስ ዳታስቶር ሁሉ በ1 ሜጋ ብሎክ እስከ 2 ቴራ የሚደርስ ፋይል ያዘ። ዴልታውም ከእናት ዲስኩ ጎን መቀመጥ ጀመረ። በ2013 በ5.5 የዲስክ ጣሪያ 62 ቴራ ደረሰ። 64 ያልሆነው ለስናፕሾት የሚሆን ትርፍ ለመተው ነው፤ አንድ ሰው በመጨረሻ ከእርስዎ ጠባይ ተማረ ማለት ነው። በ2018 የወጣው 6.7 ቪኤምኤፍኤስ-3ን ጭራሽ ጡረታ አወጣው። ለሽኝትዎ ኬክ ልናስጋግር ስናስብ እርስዎ ለካ የሥራ ዝውውር ነው የወሰዱት።

አሁን የሚኖሩት ዳታስቶሩ ሲሞላ ነው። ጣሪያው ሰፋ፤ እኛም ሰፊ ቤት እንዳገኘ ሰው እጃችን ተፈታ። ዲስኩን ሁሉ “ቲን” (ሲጻፍበት ብቻ ቦታ የሚወስድ) አድርገን 2 ቴራ ላይ 3 ቴራ ቃል እንገባለን። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቃሉን የጠየቀ ቀን አይጣል ነው። ስናፕሾት ሲያነሱ “ሜሞሪውም ይካተት” የምትለዋን ምልክት ሳያጠፉ የሚጫኑም አሉ፤ 64 ጊጋ ራም ያለው ማሽን 64 ጊጋ የሚያህል ፋይል እዚያው ይጽፋል። በዚህ ላይ የተረሱት ስናፕሾቶች። “ከአፕዴት በፊት” የሚል አለ። “ቴስት2” የሚል አለ። “አይነካ” የሚል አለ፤ ያነሳው ሰው ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል። አንድ ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመከራል። “አይነካ” ግን እንደተባለው አልተነካም፤ ዴልታው በየቀኑ እየበላ ዋናውን ዲስክ ሊያህል ደርሷል። ለምን አልጠፋም ሲባል “ባካፓችን እኮ እሱ ነው” ይባላል። እናት ዲስኩ ከተበላሸ ዴልታ ብቻውን ምንም አይደለም። እሱን የሚሰማ ግን ማን አለ?

ማሽኖቹን የምንቆጣጠርበት ቪሴንተር ዳታስቶሩ 75 በመቶ ሲሞላ ቢጫ፣ 85 ሲደርስ ቀይ ያሳያል። ስክሪኑን ከፍቶ የሚያይ ካለ። ኢሜይል እንዲልክ ያዘዘው ከሌለ ድምፁን አያሰማም። ብዙ ቦታ የሚታዘዘው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዳታስቶሩ ጢም ሲል ማሽኑ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ “ሪትራይ” ወይስ “ካንስል” ተብለን እንጠየቃለን። ምርጫ መስጠትዎ ደስ ይላል።

እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው አንድ ነገር እንዳያደርግ እለምናለሁ፤ ዴልታውን በእጁ እንዳያጠፋ። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ያጓጓል። ስናፕሾቱ ከተነሳበት ጊዜ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነው። ስናፕሾቱን በሥርዓቱ “ዲሊት” ማለትም፣ ዴልታው ከእናት ዲስኩ ጋር ሲዋሃድ፣ ትንሽ ትርፍ ቦታ ይፈልጋል። ያ ቦታ ከየት ይምጣ? የማያስፈልግ ማሽን ማጥፋት ነው። አንድ ማሽን ሲበራ፣ ራሙ ሪዘርቭ ካልተደረገለት፣ በራሙ ልክ ስዋፕ ፋይል (ራም ሲያጥር የሚተካ) ይፈጠርለታል፤ ሲጠፋ ፋይሉ ይሰረዛል። 32 ጊጋ ራም የታቀፈ የቴስት ማሽን ሲጠፋ፣ ስዋፑ እዚያው ዳታስቶር ላይ ከነበረ፣ 32 ጊጋ ይመለሳል። የተረሱ የአይኤስኦ (የሲዲ ቅጂ) ፋይሎችም ይኖራሉ፤ ፈልጎ ሌላ ቦታ መውሰድ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ከልክ በላይ ጠየቀ አይበሉኝና፣ ከአሁን ወዲያ ሲከለክሉን የፋይሉን ስም፣ የዳታስቶሩን ስምና ጣሪያውን ጽፈው እንዲከለክሉን፤ ስናፕሾት የማይነሳለት ዲስክ ሲፈጠር በሰዓቱ እንዲናገሩ፤ እንዲሁም አንድ ጊዜ እንኳ ከምሳ በፊት ብቅ እንዲሉልን በትህትና እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ከተፈቀደው መጠን በላይ ከሆነ የየትኛው መጠን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
በሰርቨር ክፍል ጃኬት ለብሶ የተቀመጠው

ግልባጭ፦
ለግዥ ክፍል (የስቶሬጅ ጥያቄያችን ጠረጴዛዎ ላይ እንዳለ ለማስታወስ)
ለ“ቴስት2” (በሕይወት ካለ)
ለ“አይነካ” ባለቤት (አድራሻው ያልታወቀ)