አካታቹ ዕጩያችን

ጅማ ወንበር ታውቃለች። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግሩ የሚቆመውን በርጩማዋን አገር ያውቀዋል። ታዲያ እዚህ ከተማ ተምሮ ወንበር የማይወድ ተማሪ ካለ፣ እሱ ነው የሚገርመው። የግቢያችን የተማሪዎች ኅብረት ምርጫ በደረሰ ቁጥር ይህ ፍቅር ይገነፍላል። ዘንድሮስ አመስግኜ ካልወጣልኝ እንቅልፍም የለኝ።

ምስጋናዬ ለአንድ ዕጩ ነው። ግቢ ከገባ ጀምሮ ሰላም ብሎን የማያውቅ ልጅ፣ የቅስቀሳው ሳምንት ሲገባ የብሎኩን ሰው ሁሉ በስም ጠራ። አንዱን «አካም ጅርታ?»፣ ሌላውን «ከመይ ቀኒኻ?» አለ። የካፌ ሰልፍ ላይ ፍሬሾችን አስቀደመ። (ከኋላው የነበርነው እኛ ነን፤ ቢሆንም ደግ ሥራ ነው።) ቡናም ጋበዘን። የጅማ ዝናብ፣ የጅማ ቡና፣ የሰው ሂሳብ! እምቢ የሚል ካለ እሱ ገና አልተማረም።

«አካታችነት» የምትለዋን ቃል በአንድ ንግግር አሥራ አንድ ጊዜ አላት። ቆጥሬያለሁ። አንድ ልጅ ትርጉሟን ቢጠይቅ «ጥያቄህን አካተነዋል» ተባለ።

በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። መሬቱ በአዋጅ የተነካው በ1967 ነው፤ አሥር ዓመት! የኛው ጀግና እንዲህ ያለ መንቀርፈፍ አይወድም። ውሃ ለታጣቢው፣ ዋይፋይ ለተማሪው፣ ሁሉም በመቶ ቀን። የትኞቹ መቶ ቀናት እንደሆኑ ብቻ ነው ያልነገረን። በ2017 የቀን ምግብ በጀታችን ከ22 ብር ወደ 100 ብር ሲያድግ የመንግሥት ውሳኔ መስሎን ነበር። ለካ እሱ ታግሎ ነው! ያኔ ፍሬሽ ነበር፤ ትግሉን በሆዱ ይዞት ኖሯል።

ከሁሉ የማረከኝ ግን ፖስተሩ ነው። መሃል ላይ እሱ፣ ጎኑ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው የዶርማችን ልጅ። ለፎቶው ወንበሩን ራሱ ገፋለት፤ አራት ሜትር ያህል። ፎቶግራፈሩ «በቃ» ሲል እሱም በቃ። ጓደኛችን በዝናብ ጭቃውን አልፎ ክላስ ለመግባት በየቀኑ ሁለት ሰው ይለምናል። ያን ቀን ግን ሳይለምን ተገፋ። «እኔ እንኳ ወንበር አለኝ፤ የቸገረኝ መንገድ ነው» ብሎ ሳቀ። ዕጩውም አብሮ ሳቀ፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ያ ሳቅ ነው።

አሸነፈ። ቃሉንም ጠበቀ፤ ጓደኛችንን «የአካታችነት ተጠሪ» አድርጎ ሾመው። አጨበጨብን። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም፣ ራምፕም የለም። ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ ለተሽከርካሪ ወንበር እንዲመች የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ያዘዘው በ2001 ነበር። አዋጁም እንደ ጓደኛችን ደረጃ መውጣት አቅቶት ነው መሰል፣ እዚያ አልደረሰም።

የመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት ጓደኛችን ደረጃው ሥር ሆኖ ደወለ። «ጀምረናል፣ ቶሎ ውጣ» አሉት። በሁለተኛው ሳምንት ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። በሦስተኛው ዝናብ ነበር፤ ሻይ ገዝቶልን ዶርም ዋለ።

ባለፈው ሰኞ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተለጠፈ። የአካታችነት ተጠሪው በተከታታይ ሦስት ስብሰባ ያለ በቂ ምክንያት በመቅረታቸው ከኃላፊነት ተነስተዋል ይላል። ቅሬታ ካላቸው በሥራ ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ፣ ቢሮ ድረስ በአካል ቀርበው ማመልከት ይችላሉ።